ጫጩትና ሴራሚክ

መርሳ ላይ፣ ዋናው አስፋልት ዳር፣ ሴራሚክ የሚሸጡ ሁለት ነጋዴዎች አሉ። አንዱ ናስር ነው። ሁለተኛው ሂሻም ነው፤ ናስር ግን ሂሻምን ከነጋዴ ስለማይቆጥረው «መርሳ ላይ ሴራሚክ ሻጭ እኔው ብቻ ነኝ» ሲል የዋሸ አይመስለውም።

ናስር ክፉ ሰው አልነበረም። ለቅሶ ቀድሞ ይደርሳል፣ በረመዳን በሩ ለመጣ ሁሉ ክፍት ነው፣ ሚስቱን ከድጃን በሰው ፊት ቀርቶ በጓዳም አያስቀይምም። ነገር የሚበላሸው ሴራሚክ የተነሳ እንደሆነ ነው። ደንበኛ ሱቁ ሲገባ ናስር ጫማውን ያወልቅና በካልሲው ናሙናው ላይ ወጥቶ ይቆማል። «እየው! መስታወት ይመስላል፣ እንደ አለት ይይዛል! ውሃ ድፋበት፣ ዘይት ድፋበት፣ ንቅንቅ አልልም!» ይላል። ውሃውንም ዘይቱንም ደፍቶ ያሳየበት ቀን ግን አልነበረም።

ባለፈው ክረምት የመስጂዱ ኢማም ሼህ አብዱልጀሊል ለሶላት በሚታጠቡበት ውዱእ ማድረጊያ ላይ ተንሸራተው ወደቁና ክንዳቸው ተሰበረ። ወለሉ ናስር ለአላህ ብሎ በነፃ ያስነጠፈው ነጭ ሴራሚክ ነበር። ሼሁ ወልድያ ታክመው፣ ክንዳቸውን በጀሶ አስረው ሲመለሱ ናስር ስኳርና ሙዝ ይዞ ሊጠይቃቸው ሄደ።

«ሳሙና ነው ሼህ፤ አንዱ ግዴለሽ ሳሙና ጥሎ ሄዶ ነው እንጂ ሴራሚኩስ የሚያንሸራትት አይደለም» አላቸው፣ ገና ሳይቀመጥ።

«አላህ ያውቃል ልጄ» አሉና ሼሁ ሙዛቸውን መላጥ ጀመሩ። ናስርም ነገሩ በዚያው ያለቀ መሰለው።

ዘንድሮ ደግሞ ሂሻም ከሐራ በላይ ባለው ዳገት የንብ ቀፎ ሰቀለ የሚል ወሬ መጣ። ናስር ይህንን በሰማ በሳምንቱ የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ገዝቶ ገባ። ማሽኑ የሚያጉረመርም ሳጥን ነው። ለሚፈለፈሉት ጫጩቶች ደግሞ ከግቢው ጥግ የነበረችውን የማገዶ ክፍል አጸዳና ከወለሏ እስከ ግድግዳዋ እኩሌታ አንጸባራቂ ሴራሚክ ለበጠባት። ገብቶ ያየ ሰው ጫማውን ማውለቅ ይቃጣዋል።

«ናስር፣ ጫጩት እኮ ናት» አለችው ከድጃ፤ «ጆንያ ብናነጥፍላት ምን አላት?»

«የናስር ጫጩት ጆንያ ላይ አትቆምም!»

እንቁላሎቹ ቀናቸው ሲደርስ ናስር ሱቁን ዘግቶ ማሽኑ አጠገብ ዋለ። ከቅርፊቱ ውስጥ የመጀመሪያዋን ጭውጭውታ ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከድጃ አየችው፤ እንዳላየች ሆነች። ጫጩቶቹ አንድ በአንድ ቅርፊታቸውን ሰብረው ወጡ፣ ላባቸው ደረቀ፣ ቢጫ ጥጥ መሰሉ። ናስር በሁለት እጁ እያቀፈ ወደዚያች ነጭ ክፍል አዛወራቸው። በማግስቱም ለመርሳ ታላላቅ ሰዎች ሁሉ «እሁድ ምሳ እኔ ቤት ነው፤ የምታዩት ነገር አለ» ብሎ ላከ። ለሂሻምም ላከ። እንዲያውም ከሁሉ አስቀድሞ ለሂሻም ነበር የላከው።

ጥሪውን በላከ በማግስቱ ማለዳ ከሱብሂ ሶላት ሲመለስ በሩን ከፈተና ክው ብሎ ቀረ። ጫጩቶቹ እግሮቻቸው ግራና ቀኝ ተበርግደው፣ እንደ ተከፈተ መቀስ ሆነው፣ በሆዳቸው ተዘርግተዋል። አንዷ ለመነሳት ትታገላለች፤ ቀኝ እግሯን ስትሰበስብ ግራው ይሄድባታል፤ ግራውን ስትሰበስብ ቀኙ ያመልጣታል። ውሃው እዚያው አጠገባቸው ነው፤ የደረሰበት የለም።

ናስር መጀመሪያ የከሰሰው እንቁላሉን ነው። እንቁላሉን የሸጠለት አበባው የሚባል የሲሪንቃ ገበሬ ነበርና ስልክ ደወለለት።

«አንተ አበባው! እግር የሌለው እንቁላል ነው እንዴ የሸጥክልኝ?»

«ወንድም ናስር» አለ አበባው ከወዲያ በኩል፣ ረጋ ብሎ፤ «እኔ እስካሁን እግር ያለው እንቁላል ለማንም ሸጬ አላውቅም።»

ከዚያ መብራቱን ከሰሰ፤ ማታ ብልጭ ድርግም ብሏል አለ። የመብራቱ ክስ ሲያልቅበት ወደ ሰው ዓይን ሄደ። ሂሻም ትናንት በበር ሲያልፍ አንገቱን አስግጎ አይቶ «ያምራሉ» ብሏል፤ ማሻአላህ ሳይል!

«ወለሉ አንሸራቷቸው ቢሆንስ?» አለች ከድጃ።

«ከድጃ፣ አንቺም?» አለ ናስር። ይህን ያለው ስለት እንደገባበት ሰው ነበርና ሚስቱ አዝናለት ነገሩን ተወችው።

ጎረቤታቸው ፋንቱ ደረሰች። ፋንቱ ለሰው ችግር ምክር አጥታ አታውቅም፤ ምክሯ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። «ቅቤ!» አለች ጫጩቶቹን ገና እንዳየች። «የአራስ እግር በምን ይቃናል? በቅቤ ማሸት ነው!» ከድጃም ጥሩ ለጋ ቅቤ ለብ አድርጋ አመጣችና ሁለቱ ሴቶች የጫጩቶቹን እግር እያሹ መልሰው ወለሉ ላይ አኖሯቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ፋንቱ ዛሬም ድረስ ስትጠየቅ ወሬ ትለውጣለች። ቅቤና ሴራሚክ ተገናኙ። ጫጩቶቹ ለመቆም በተንፈራገጡ ቁጥር፣ ፍሬኑ እንደተበጠሰ ባጃጅ፣ ከበሩ ተነስተው ከወዲያኛው ግድግዳ ጋር እየተላተሙ ይመለሱ ጀመር። አንዷ መኖው ውስጥ በጀርባዋ ገባች። ከድጃ ሳቋን ለመያዝ ነጠላዋን ነከሰች፤ ናስር ግን ግንባሩን በበሩ መቃን ላይ ደፍቶ «ያ አላህ፣ ያ አላህ» ይል ነበር።

ወሬው እትዬ ሙሉወርቅ ዘንድ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀም። እትዬ ሙሉወርቅ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው። መርሳ ውስጥ ከሽማግሌዎቹ በቀር በሰላም የተወለደውን ሁሉ እኔ ነኝ ያዋለድኩት ይላሉ፤ ደፍሮ የሚከራከራቸው የለም፤ ምክንያቱም ሰውዬው ሲወለድ እንዴት እንደመጣ በሰው ፊት ማውራት ይጀምራሉ። በትራቸውን እያንኳኩ ግቢው ገቡና «ምጡ የት ነው?» አሉ።

ወደ ነጭዋ ክፍል አስገቧቸው። አንድ እግራቸውን ካስገቡ በኋላ ሁለተኛውን ለማስገባት ፋታ አላገኙም። ተንሸራተው ሊወድቁ ሲሉ የናስርን ኮሌታ ጨብጠው ተረፉ። ኮሌታው ግን አልተረፈም። ትንፋሻቸው መለስ ሲል ወለሉን በበትራቸው አንኳኩ።

«አንተ ናስር፣ ይሄ ወለል ነው ወይስ የመስኮት መስታወት?»

«አንደኛ ደረጃ ሴራሚክ ነው እትዬ፤ አያ...»

«አያንሸራትትም ልትል ነው? አፍህን ዝጋና ወንበር አምጣልኝ። ፕላስተር፣ መቀስ፣ ሙቅ ውሃ!»

ሙቅ ውሃው ለምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። በመጨረሻም እጃቸውን ታጠቡበት። ከዚያም አንዷን ጫጩት ጭናቸው ላይ አስተኝተው ቅቤዋን በጨርቅ ጠረጉና እግሮቿን ቀስ ብለው ወደ ሆዷ ሥር ሰበሰቧቸው። ፕላስተሩን በቀጭኑ ቆርጠው አንዱ እግር ላይ አዞሩት፤ ትንሽ ክፍተት ትተው ሌላው ላይ አዞሩት። ፕላስተሩ ጫጩቷ እግሮቿን እንዳትበረግድ የሚከለክል፣ ለመራመድ ግን የሚበቃ አጭር ማሰሪያ ሆነ።

«እየው እንግዲህ። ክፍተቱ ከሰፋ አይይዛትም፣ ከጠበበ ያደናቅፋታል። ካጠበቅክባት ደሞ ደሟ ይቆማል፤ እየፈታህ ታያለህ። አጥንቷ ገና ለጋ ነው፤ ዛሬ ነገ ካልክ እንዲሁ ተበርግዶ ይደነድናል። ወለሉን ጆንያ አልብሱት። የሚቆነጥጡት ነገር ይፈልጋሉ።»

«ጆንያው... ለሙቀት ነው አይደል?» አለ ናስር።

እትዬ ሙሉወርቅ መቀሱን አስቀመጡ። «አዎ ልጄ፣ ለሙቀት ነው» አሉት። ብዙ ምጥ የያዛቸው ሰዎች አይተዋል።

ጆንያው ተነጠፈ። ናስር ጫጩቶቹን እየያዘ፣ እትዬ ሙሉወርቅ እያሰሩ ዋሉ። ሴራሚክ ሲያነሳ ሲጥል የኖረ እጁ ውስጥ የዚያች ነፍስ ልብ ትር ትር ስትል ይሰማዋል፤ እንዳይጨብጣት ይፈራል፣ እንዳይለቃትም ይፈራል። መድረስ ለተሳናቸው አፋቸውን ውሃ እየነከረ አጠጣቸው። አመሻሹ ላይ አንዷ ተነሳች። ተወላገደች፣ ወደፊት ተደፋች፣ ጆንያውን በጥፍሯ ቆንጥጣ እንደገና ተነሳች፤ ሦስቴ ተራምዳ ውሃው ጋ ደረሰች። ናስር «ከድጃ! ከድጃ! ሄደች!» ብሎ ጮኸ። ከድጃ ልጃቸው ናጅዋ መጀመሪያ የተራመደች ቀን እንኳ እንዲህ ሲጮህ አልሰማችም ነበር፤ ይህንንም ነገረችው።

እሁድ ደረሰ። ታስረው የቆዩት ጫጩቶች አብዛኞቹ በደንብ ቆመዋል። ናስር ግን ማለዳ ተነስቶ በሩ ላይ ቆሞ ሲያያቸው ልቡ አላረፈለትም። ያ ሁሉ ሴራሚክ በጆንያ ተሸፍኗል። እንግዶቹ ገብተው የሚያዩት ምንድነው? ጆንያ! ሂሻም ወጥቶ የሚያወራው ስለ ምንድነው? ስለ ጆንያ!

«ለአንዲት ሰዓት ብቻ ነው» አለ ጆንያውን እየጠቀለለ።

«ናስር» አለች ከድጃ ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላ እንደያዘች፤ «ለእንግዳ ብለህ የአንካሳ ምርኩዝ ትነጥቃለህ?»

«ድነዋል እኮ!»

እንግዶቹ መጡ። ሼህ አብዱልጀሊል ክንዳቸው ከጀሶ ቢወጣም ገና እንደልብ አይታዘዝላቸውም፤ በግራ እጃቸው እየጨበጡ ገቡ። ሂሻም አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ትንሽ ማር ይዞ መጣ። ናስር ማሩን ተቀብሎ ከድስቶቹ ኋላ አስቀመጠው። ዱዓ ተደረገ፣ ተበላ፣ እጅ ታጠበ። ከዚያ ናስር ተነሳና «እስቲ በሉ» ብሎ ሁሉንም ወደ ነጭዋ ክፍል መራቸው፤ በሩንም እንደ መጋረጃ ወለል አድርጎ ከፈተው።

ጫጩቶቹ ሰው ሲያዩ ደነገጡና ባንድ ላይ ሊሮጡ ተነሱ። ወለሉ ግን አልያዘላቸውም። ማሰሪያቸው የተፈታላቸው ተበርግደው ወደቁ፤ ገና የታሰሩት ደግሞ እግራቸው እንደተጣመረ በጎናቸው እየተንሸራተቱ፣ እየተሽከረከሩ ከግድግዳው ሥር ተከመሩ። ክፍሏ በጭውጭውታ ተሞላች። ሂሻም ጀርባውን አዙሮ ሳል ያዘው፤ ትከሻው ግን እየተንቀጠቀጠ ነበር።

ሼህ አብዱልጀሊል ጎንበስ ብለው ጫጩቶቹን አዩ። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው፣ «ልጄ ናስር» አሉ፤ «እነዚህም ሳሙና ረግጠው ነው?»

የሳቀ የለም። ሂሻም እንኳ ሳሉን አቆመ። ናስር አፉን ከፈተ፤ «መብራት» ሊል ነበር፣ «እንቁላሉ» ሊል ነበር፤ ግን ዓይኑ ያቺ መጀመሪያ ተራምዳ ውሃ ጋ በደረሰችው ጫጩት ላይ አረፈ። ከክምሩ ሥር ሆና አንገቷን እያወጣች ለመነሳት ትታገላለች። እሱ ነው ጆንያውን ያነሳባት። ሌላ ማንም አይደለም።

ወጣና ጆንያውን ተሸክሞ ተመለሰ። አዲሱን ጀለቢያውን ሳይሳሳለት ተንበርክኮ ከጥግ እስከ ጥግ ዘረጋው፤ ጫጩቶቹን አንድ በአንድ እያነሳ በእግራቸው አቆማቸው። ሲጨርስ እዚያው እንደተንበረከከ «ሳሙና አልነበረም፣ ሼህ» አለ። «ሴራሚኩ ነው። ያንጊዜም አውቄዋለሁ መሰለኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

«አውፍ ብያለሁ ልጄ፣ የዚያኑ ቀን ብያለሁ» አሉ ሼሁ። ቀጥለውም እንደ ዋዛ፣ «ሳሙናውማ እኔ ስወድቅ ካለቀ ወሩ ነበር፤ ግዙ ግዙ ብዬ ማን ሰምቶኝ» አሉ።

ይህን ጊዜ ሁሉም ሳቀ፤ ናስርም ተንበርክኮ እንዳለ ሳቀ። ከሁሉ በላይ የሳቁት ሼሁ ነበሩ። ክንዳቸውን እየያዙ።

ግን ይቅርታ ወለል አይቀይርም። በማግስቱ ናስር ይታገሱ የሚባለውን ግንበኛ ይዞ መስጂድ ሄደና ውዱእ ማድረጊያውን አስነቀለ። በምትኩ ሻካራ ሴራሚክ ያስፈልጋል። ናስር ደግሞ ሻካራ ሴራሚክ ሱቁ አስገብቶ አያውቅም፤ «የሚያሳፍር ነው፣ ድንጋይ ይመስላል» እያለ ነው የኖረው። ሻካራ ያለው አስፋልቱን ተሻግሮ፣ ከነጋዴ የማይቆጥረው ሰው ጋ ብቻ ነበር።

ናስር ግራ ቀኝ አይቶ ተሻገረ። የሚሾልክ ሌባ ይመስል ነበር። ሂሻም ከወንበሩ አልተነሳም። ናሙናውን መሬት ላይ አስቀመጠና «ጫማህን አውልቅና ቁምበት» አለው።

«ሂሻም፣ እባክህ...»

«ቁምበታ! ደንበኛ አይደለህ?» አለና አንድ ኩባያ ውሃ ሴራሚኩ ላይ ደፋበት።

ናስር በካልሲው ቆመ። ካልሲው ራሰ። አልተንሸራተተም። «ይይዛል» አለ በቀጭን ድምፅ። ሂሻም ይህችን ቃል ለመስማት ስንት ዓመት እንደጠበቀ አላህ ነው የሚያውቀው። ሴራሚኩ ግን ለመስጂድ መሆኑን ሲሰማ «ግማሹ የኔ ሰደቃ ይሁን» ብሎ እሱው በጋሪ አስጭኖ ላከው።

የጫጩቶቹ ነገር ግን ገና አላለቀም ነበር። ሁለት ጫጩቶች እግራቸው ቢሰበሰብም ጣቶቻቸው እንደ ተጨበጠ ቡጢ ወደ ውስጥ ተጠቅልለው ቀሩ፤ በጣታቸው ጀርባ ነበር የሚሄዱት። እትዬ ሙሉወርቅ እነዚህንም እንደሌሎቹ አሰሯቸው። ምንም አልተለወጠም። እንደገና አሰሯቸው። «ይቺ ግትር ናት፤ ባሕርይዋ ነው» ብለው ደመደሙ። አላውቅም የሚል ቃል ሥራ ላይ ሳሉም ተጠቅመው አያውቁም።

ናስር ሁለቱን ጫጩቶች በሴራሚክ ካርቶን አድርጎ ሚኒባስ ላይ ወጣ። እስከ ወልድያ ድረስ ካርቶኑ ጭውጭው ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ዳማከሴ አለ፣ አንዷ ጸበል አለች፣ ረዳቱ «አንድ ወንበር ይዘዋል» አለ። ወልድያ የእንስሳት ሐኪሟን ዶክተር ህሊናን አገኛት። ገና ወጣት ናት። ጫጩቶቹን ገልብጣ አየቻቸው።

«ይሄ የመንሸራተት አይደለም። የማሽንህ ሙቀት ተዛብቶ ይሆናል፤ የእናቶቻቸው መኖ ቫይታሚን ጎድሎት ሊሆንም ይችላል። ቫይታሚን በውሃቸው ትሰጣለህ። ለጣታቸው ደሞ ጫማ ትሠራላቸዋለህ።»

«ጫማ?» አለ ናስር።

«ከካርቶን። ጣቶቹን በየቦታቸው ዘርግተህ በፕላስተር ታጣብቃቸዋለህ። ግን እውነቱን ልንገርህ፤ ይቺኛዋ ትድናለች ብዬ አስባለሁ። ያቺኛዋን እንጃ።»

ናስር ሴራሚክ ለመቁረጥ የታመነ እጅ አለው። የሴራሚክ ካርቶን ቀዶ ከጥፍሩ ብዙም የማይበልጡ ጫማዎች ቆረጠ። ጣት በጣት ዘረጋ፣ አጣበቀ። ጫጩቶቹ ጫማቸውን አድርገው እግራቸውን ከፍ ከፍ እያደረጉ ሲንጎራደዱ ከድጃ ወንበር ይዛ ተቀመጠች፤ ቆማ መሳቅ አልቻለችም። መንደሩም ይህንን ሰምቶ ናስርን «ጫማ ሰፊው» አለው። እሱ ግን አልከፋውም። እንዲያውም ጫማው የቀኝና የግራ እንዳለው ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ያስረዳ ነበር።

አንደኛዋ ዳነች። ሁለተኛዋ ቫይታሚኑንም ጫማውንም እምቢ ብላ አነከሰች፤ ዛሬም ታነክሳለች። ከድጃ ወጥ ቤቷ ደጃፍ ላይ ታኖራታለች፤ ከሁሉም ቀድማ እህል ላይ የምትደርሰው እሷው ናት። ሦስት ጫጩቶች ሞተዋል፤ ናስር ማንም ሳያየው ከጓሮ ቀበራቸው። የቀሩት አድገው ከመርሳ እስከ ግራና ተሽጠዋል።

ናስርም እንዲህ ሆኖ ቀረ፤ ትሑት ሆነ ለማለት ግን ያስቸግራል። ስለ ሴራሚክ ማውራቱን ቀንሶ ስለ ጫጩት እግር ማውራት ጀመረ፤ መርሳም የትኛው እንደሚሻል ገና አልወሰነችም። በቀደም ዕለት ቤት የሚሠሩ ባልና ሚስት ከሐራ መጥተው የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ሲመርጡ፣ አንዲት የገጠር ሴት የተበረገደች ጫጩት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ደረሰች። ናስር ደንበኞቹን እዚያው ትቶ «ፕላስተር!» ብሎ ተቀመጠ። ለደንበኞቹ ከድጃ ወጣች።

«ለመታጠቢያ ቤት ከሆነ ይሄንን አትውሰዱ፤ ሻካራውን ያዙ፤ አሁን እኛም አለን» አለቻቸው።

ናስር አስሮ ጫጩቷን ጆንያ ላይ ሲያቆማት እትዬ ሙሉወርቅ በመንገዱ ሲያልፉ አይተውት ቆሙ።

«ክፍተቱ ሰፍቷል!»

«አልሰፋም እትዬ።»

«ሰፍቷል እልሃለሁ! አንተን ሳዋልድ በእግርህ ነው የመጣኸው፤ ስለ እግር ለእኔ ልታስተምረኝ?»

«ዶክተር ህሊና...»

«ማን ናት ህሊና?»

ሁለቱ አንድ ነገር ከያዙ አይለቁምና ክርክሩ ጦፈ። የገጠሯ ሴት አንዴ እሱን አንዴ እሳቸውን ስታይ ቆየችና ወደ ጆንያው ዞረች። ጫጩቷ የለችም። እሷ ያለ ማንም ፈቃድ ተነስታ፣ በዚያች አጭር ማሰሪያ ጉብ ጉብ እያለች፣ የሱቁን ደፍ አልፋ ወደ አስፋልቱ እየወጣች ነበር።

«ኧረ ያዙልኝ!» አለች ሴትዮዋ ነጠላዋን ሰብስባ እየሮጠች።